ስለ ነጋዴ እንቅልፍ ማጣትና በቪዲዮ ስለሚገኝ የሥነ ልቡና ምክር



ይህ ጋዜጣ በየሳምንቱ ስለ ምንዛሪ ዋጋ፥ ስለ ጉምሩክ ቀረጥ፥ ስለ ቡናና ስለ ሰሊጥ ገበያ፥ ስለ ጅቡቲና ስለ ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚጠቅመንን ወሬ ሁሉ ያቀርብልናል። እኔም በአንድ አስመጪ ነጋዴ ዘንድ ጸሐፊ ሆኜ መሥራት ከጀመርሁ 19 ዓመት ስለ ሆነኝ፥ ጋዜጣው በደረሰ ቁጥር አስቀድሜ የማነበው፥ ለአሠሪዬም የሚጠቅማቸውን ቦታ በቀይ እስክሪብቶ አስምሬ የማቀርበው እኔ ነኝ። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ግን በሒሳብ መዝገብ የማይጻፍ፥ ኦዲተርም የማይጠይቀው፥ ነገር ግን ስንትና ስንት የንግድ ቤት ሲያፈርስ በዐይኔ ያየሁት አንድ ጉዳይ በገጾቹ ላይ ተነሥቶ አላየሁም። ይኸውም የነጋዴው የራሱ የልብ ጭንቀትና የቤቱ ጠብ ነው።

ሐሳቤን ከወዲሁ በግልጽ ልናገር። በቪዲዮ ወይም በስልክ ከሥነ ልቡና ባለሙያ ጋር እየተነጋገሩ ጭንቀትንና የቤተሰብ አለመግባባትን መታከም ለነጋዴ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ እንዲያውም ከሌላው ሰው ይልቅ ለነጋዴ የሚስማማ ነው እላለሁ። ዳሩ ግን ዐይቼው ከማላውቀው ፋብሪካ ዕቃ ሳዝ የማደርገውን ጥንቃቄ ያህል ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ይህን የምጽፈው በወሬ ሰምቼ አይደለም። አሠሪዬ የቧንቧ መገጣጠሚያ፥ የበር ቁልፍና ይህን የመሰለ ለሕንፃ ሥራ የሚሆን ዕቃ ከቻይና እያስመጡ በመርካቶ ለቸርቻሪዎች የሚያከፋፍሉ የ58 ዓመት ሰው ናቸው። ባለቤታቸውና ሁለት ልጆቻቸው ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአሜሪካ አገር በቨርጂኒያ ይኖራሉ። ነገሩን ለጋዜጣ ልጻፈው ወይ ብዬ ብጠይቃቸው፥ ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፥ «ጻፊው፤ ስሜን ግን አትጥሪ። የሚያውቀኝ ያውቀኛል፥ የማያውቀኝም አያውቀኝም» ብለው ፈቀዱልኝ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአንድ ቀን 74 ብር ገደማ ደረሰ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥም ከ100 ብር አለፈ። በዚያን ጊዜ አሠሪዬ ሁለት ኮንቴይነር ዕቃ በቀድሞው ምንዛሪ ተምነው በዱቤ አከፋፍለው ነበር። ገንዘቡ ተሰብስቦ ሲገባ መልሶ የሚገዛው ዕቃ ከቀድሞው ከግማሽ እምብዛም የማይበልጥ ሆነ። ይህ ዕጣ የደረሰው ለእርሳቸው ብቻ እንዳልነበረ አንባቢ ከእኔ ይልቅ ያውቃል።

ኪሳራውን እንኳ እንደ ወንድ ቻሉት። ከዚያ ቀደምም ከስረው ያውቃሉ። አዲስ የሆነብኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ሌሊቱን ሳይተኙ አድረው ዐይናቸው ደም መስሎ ከጧቱ በ1 ሰዓት ሱቅ ይገባሉ፤ 20 ዓመት አብሯቸው የሠራውን መጋዘን ጠባቂ በአንድ ካርቶን ምክንያት በደንበኛ ፊት ሰደቡት፤ ከድሬዳዋ ደንበኛቸው ጋር በስልክ ተጣሉና ሰውየው ሒሳቡን ዘግቶ ወደ ሌላ አከፋፋይ ሄደ። የዚያን ደንበኛ መሄድ እኔ በመዝገብ አስልቼዋለሁ፤ በምንዛሪው ምክንያት ከጠፋው እምብዛም አያንስም።

ከሁሉም የከፋው ግን ወደ ቨርጂኒያ የሚላከው መልእክት ነበር። አሠሪዬ መጻፍ ስለሚሰለቻቸው ለባለቤታቸው የሚላከውንም መልእክት እርሳቸው እየተናገሩ የምጽፈው እኔ ነኝ። «በዚህ ወር በ12 በላክሁት መልእክት ለጠየቅሁት ጉዳይ እስካሁን መልስ ያልደረሰኝ ስለሆነ በአስቸኳይ እንዲገለጽልኝ» የሚለውን ያነበበ ሰው፥ ለሚስት የተላከ መሆኑ ካልተነገረው በቀር ለጓንጁ ፋብሪካ የተጻፈ ማስታወሻ ይመስለዋል። በዚህ ጥፋት የእኔም እጅ አለበት። አርሜ ማለስለስ ስችል፥ የታዘዝሁትን በንጹሕ ጽሕፈት አቀርብ ነበር። ሴትዮዋም በመጨረሻ፥ «ከጸሐፊህ ጋር ትዳር አልመሠረትሁም» ብለው መለሱ። ያን መልስ ያነበብሁት እኔ፥ ለአሠሪዬም ድምፄን ከፍ አድርጌ ያነበብሁላቸው እኔ ስለሆንሁ፥ ያን ቀን አልረሳውም።

ሽማግሌዎች ገቡ፤ የንስሐ አባታቸውም ከአንዴም ሁለቴ ቤት ድረስ መጥተው መከሩ። እኔ የሽማግሌን ሥራ አላቃልልም፤ በመርካቶ ከፍርድ ቤት ይልቅ በሽማግሌ ያለቀው ክርክር ይበዛል። ነገር ግን ሽማግሌ የሚያውቀው ጠብን መዳኘት ነው፤ አንተ ይህን ያህል አጥፍተሃል፥ አንቺም ይህን ያህል ብሎ ያካፍላል። እንቅልፍ ያጣን ሰው ከማን ጋር ይዳኘዋል? ደግሞም ከአራቱ ሽማግሌዎች ሁለቱ የእርሳቸውን ዓይነት ዕቃ የሚያስመጡ ነበሩ። አሠሪዬ በእነርሱ ፊት ሆዳቸውን ሊከፍቱ እንዳልቻሉ ማንም ነጋዴ ይረዳዋል። «በጭንቀት ታሟል፥ ሌሊት አይተኛም» የሚለው ወሬ ከአንዱ ተራ ወደ ሌላው ሲደርስ፥ ነገ ዱቤ የሚሰጠው ማን ነው? የነጋዴ ሀብቱ ግማሹ ስሙ ነውና ብዙዎች ጭንቀታቸውን ሆድ ይፍጀው ብለው የሚቀመጡት በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ ላይ መርካቶ የአማኑኤል ሆስፒታል ጎረቤት ነው። ለረጅም ዘመን በሀገራችን ለአእምሮ ሕመም ብቻ የተለየ ሆስፒታል እርሱ ብቻ ስለነበር፥ ስሙ ራሱ በሰው አፍ እንደ ስድብ ሆኖ ቀረ። ያ ሆስፒታል ስንቱን ሰው እንዳዳነ ለማሰብ የሚቆም የለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በስፔሻሊስትነት ማሠልጠን የጀመረው በ1995 ዓ.ም. በመሆኑ፥ የባለሙያው ቁጥር እስከ ዛሬ ጥቂት ነው። እንግዲህ ባለሙያው ጥቂት፥ የሚያየውም ሰው ብዙ በሆነበት ከተማ፥ በሩ ተዘግቶ በራስ ቢሮ የሚነጋገሩበት መንገድ ለአሠሪዬ ከሰማይ የወረደ ያህል ነበር።

መንገዱን የጠቆምኋቸው እኔ ነኝ፤ እኔም ያወቅሁት ተታልዬ ነው። እናቴ ካረፈች በኋላ ለብዙ ወራት ከሰው ጋር መነጋገር አስጠልቶኝ ሳለ፥ በኢንተርኔት ማስታወቂያውን ያየሁት አንድ ሰው «ሁሉንም ዓይነት የመንፈስ ጭንቀት በሦስት ቀጠሮ አድናለሁ» ይል ነበርና የሦስቱን ዋጋ አስቀድሜ ከፈልሁ። በመጀመሪያው ቀጠሮ 20 ደቂቃ ስለራሱ ታሪክ አወራኝ፤ በሁለተኛው የሚሸጠው መጽሐፍ እንዳለ ነገረኝ፤ በሦስተኛው አልመጣም። የሙያ ፈቃዱን አለመጠየቄ ያስቀኛል። ለሺህ ብር ዕቃ የንግድ ፈቃድ ቁጥርና ደረሰኝ የምጠይቅ ሰው፥ ለሐዘኔ ሲሆን ምንም ሳልጠይቅ ሰጠሁ። ለሁለተኛ ጊዜ ስፈልግ ግን በየትኛው ትምህርት ቤት እንደ ተማሩ፥ ከጤና መሥሪያ ቤት የተሰጠ የሙያ ፈቃድ እንዳላቸው፥ ከዚህ በፊት የት እንደ ሠሩ ጠይቄ፥ በዚሁ በአዲስ አበባ ፈቃድ ያላቸውን አንዲት ሴት አገኘሁ። ከእርሳቸው ጋር ስድስት ቀጠሮ አደረግሁ፤ ስለ እርሱ ሌላ ጊዜ ይሆናል። ኋላም ቁጥራቸውን በትንሽ ወረቀት ጽፌ ከአሠሪዬ ፊት፥ ለፊርማ ከሚቀርቡት ደብዳቤዎች መካከል አስቀመጥሁት። ለሁለት ሳምንት አልነኩትም። በሦስተኛው ሳምንት፥ «ይህች ሰው ደረሰኝ ትሰጣለች?» ብለው ጠየቁኝ።

የመጀመሪያዎቹ ቀጠሮዎች ከንቱ ነበሩ ማለት ይቻላል። መስመሩ እየተቆረጠ «ይሰማል? ይሰማል?» ሲባባሉ ሰዓቱ ያልቃል፤ ሲሠራም አሠሪዬ ስለ ሽያጭና ስለ ምንዛሪ ይናገራሉ እንጂ ስለራሳቸው አይተነፍሱም። በአራተኛው ቀጠሮ ባለሙያዋ፥ «ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ሲልዎ ከማን ጋር ሲነጋገሩ ያድራሉ?» ብለው ጠየቋቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው፥ «ከባለቤቴ ጋር» አሉ። በጨለማ ሆነው ሌሊቱን ሙሉ ሲከራከሯቸው፥ የእርሳቸውንም መልስ ራሳቸው እየመለሱ ሲያድሩ ለካ ዓመት ሆኗቸዋል። ይህን ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ።

ከዚያ በኋላ የተሰጣቸው ሥራ ለነጋዴ የሚገባ ዓይነት ነበር። አሮን ቤክ የሚባሉት አሜሪካዊ ሐኪም በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የጀመሩት ሕክምና፥ ሰውን የሚያስጨንቀው የደረሰበት ነገር ብቻ ሳይሆን ስለደረሰበት ነገር ለራሱ የሚነግረው ቃል ነው በሚል ሐሳብ ላይ የተመሠረተ ነው። ስለዚህ ታካሚው ያስጨነቀውን ሐሳብ ይጽፋል፤ በአንድ ወገን ሐሳቡ እውነት ለመሆኑ ያለውን ማስረጃ፥ በሌላው ወገን የሚቃወመውን ማስረጃ ያሰፍራል። አሠሪዬ ወረቀቱን ሲያዩ፥ «ይህማ የገቢና የወጪ መዝገብ ነው» አሉ። የጻፉትም ሐሳብ «ገንዘብ ባልልክ ኖሮ አንድ ቀን እንኳ አትደውልልኝም ነበር» የሚል ነው። ማስረጃ በተባለ ጊዜ የስልካቸውን የጥሪ ዝርዝር አወጡና እንደ ባንክ መግለጫ እየመረመሩ ይቈጥሩ ጀመር። በዚያ ወር ባለቤታቸው 11 ጊዜ ደውለዋል። ስለ ገንዘብ የተነጋገሩት በአራቱ ነው። በሰባቱ አሠሪዬ ስብሰባ ላይ ወይም ጉምሩክ ሆነው ስላላነሡት ምን ሊባል እንደ ተደወለ አይታወቅም። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፥ «ሒሳቡ አልገጠመም» አሉኝ። ከእርሳቸው አፍ ይህን ቃል የሰማሁት በመጋዘን ቈጠራ ጊዜ ብቻ ነበር።

ስለ እንቅልፍም የተሰጣቸው ምክር ቀላል፥ ግን ከባድ ነው። እንቅልፍ ካልመጣ ከአልጋ ተነሥቶ ሌላ ክፍል መቀመጥ፥ እንቅልፍ ሲመጣ ብቻ ተመልሶ መተኛት፥ የተኙት ጥቂት ቢሆንም ጧት በተወሰነው ሰዓት መነሣት፥ ቀንም አለመተኛት። የመጀመሪያው ሳምንት ለእኛ ለሠራተኞቻቸው ከበፊቱ የባሰ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ቀስ በቀስ ተሻለ።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። አሠሪዬ ባለቤታቸውንም በቪዲዮው ጨምረው አብረው መታከም ፈልገው እጥፍ እከፍላለሁ ቢሉ፥ ባለሙያዋ አልተቀበሏቸውም። በአሜሪካ አገር ፈቃድ የሚሰጠው በየግዛቱ ነው፤ ሕክምናውም የተሰጠው ታካሚው በተቀመጠበት ቦታ እንደሆነ ስለሚቈጠር፥ በቨርጂኒያ ለተቀመጠች ሴት በቨርጂኒያ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ያስፈልጋታል ብለው መለሱ። ሴትዮዋም በዚያው አማርኛ የሚናገር ፈቃድ ያለው አማካሪ ፈለጉ። አሠሪዬ፥ «ገንዘብ ይዞ የመጣ ደንበኛ የምትመልስ ሰው አየሁ» ብለው ለብዙ ቀን ሲደነቁ ሰነበቱ። ባልና ሚስቱ ግን እሑድ እሑድ በራሳቸው ይደዋወላሉ፤ ከባለሙያዋ የተሰጣቸውም ደንብ አላቸው። ግማሽ ሰዓት ብቻ፥ ስለ ገንዘብና ስለ ትምህርት ቤት ክፍያ ሳይነሣ፥ አንዱ ሲናገር ሌላው ሳያቋርጥ፥ መልስ ከመስጠቱም በፊት የሰማውን በራሱ ቃል እየደገመ። እነሆ በእነርሱ ዘንድ ጧት 2 ሰዓት ሲሆን በእኛ እንደ ወራቱ ከቀኑ 9 ወይም 10 ሰዓት ይሆናል። እኔም ለቨርጂኒያ ደብዳቤ መጻፍ አቁሜአለሁ።

«ሐኪምና ታካሚ ሳይተያዩ ምን ዓይነት ሕክምና ነው?» የሚሉ አሉ። ነገሩ ግን እንደሚመስለን አዲስ አይደለም። የቪየናው ሲግመንድ ፍሮይድ በ1909 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የአንድ ትንሽ ልጅ የፍርሃት ሕክምና አብዛኛው የተፈጸመው የልጁ አባት በሚጽፍላቸው ደብዳቤ ነው። በ1953 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቻድ ቫራ የተባሉ የለንደን ቄስ ራሳቸውን ለማጥፋት የሚያስቡ ሰዎች የሚደውሉበትን የስልክ አገልግሎት ጀመሩ። በ2020 እ.ኤ.አ. በኮሮና ምክንያት በየአገሩ የሐኪም በር በተዘጋ ጊዜም የቪዲዮው ሕክምና የተለመደ ሆነ። መጠነኛ ለሆነ ጭንቀትና ድባቴ በዚህ መንገድ የሚሰጠው ሕክምና ፊት ለፊት ከሚሰጠው እምብዛም እንደማያንስ ጥናቶች ያሳያሉ። እኛስ ብንሆን ዐይተነው ለማናውቅ ሰው በሰነድ ብቻ ታምነን ስንት ሺህ ዶላር እናስተላልፍ የለምን?

ጥንቃቄው ግን ይህ ነው። ምስጢርን በተመለከተ፥ ቤተርሄልፕ የሚባለው ታላቅ የአሜሪካ ኩባንያ የደንበኞቹን የጤና መረጃ ለማስታወቂያ ሥራ ለፌስቡክ፥ ለስናፕቻትና ለሌሎችም አሳልፏል ተብሎ በሀገሩ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በመከሰሱ፥ ጥፋተኛነቱን ሳያምን በ2023 እ.ኤ.አ. 7.8 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ከሩቅ የመጣ ትልቅ ስም ዋስትና እንደማይሆን ከዚህ እንረዳለን። ማስታወሻው የት እንደሚቀመጥ፥ ማን እንደሚያየው፥ ንግግሩ ይቀዳ እንደሆነ ከመጀመሪያው ቀን በፊት መጠየቅ ይገባል። ክፍያንም በተመለከተ፥ ውጭ አገር ያለ አማካሪ «ብሩን እዚህ ላለ ዘመዴ ስጥልኝ» ቢል፥ ይህ መንገድ የት እንደሚያደርስ ለነጋዴ አይነገረውም። እዚሁ ፈቃድ ያለውን ሰው በባንክ ወይም በቴሌብር ከፍሎ ደረሰኝ መቀበል ይሻላል። የአንዱ ቀጠሮ ዋጋ እኛ ዘንድ ለአንድ እንግዳ ምሳ ከሚወጣው አይበልጥም።

በዚህ ዘመን ደግሞ እንደ ሰው ሆኖ የሚመልስ የኮምፒዩተር ፕሮግራም በየስልኩ ገብቷል፤ በነጻ ስለሆነም ብዙ ወጣት ሠራተኞች ሐዘናቸውን የሚነግሩት ለእርሱ ነው። በ1966 እ.ኤ.አ. ጆሴፍ ዋይዘንባም የተባሉ የአሜሪካ ሊቅ ኤላይዛ የሚባል፥ እንደ ሥነ ልቡና ሐኪም የሚጠይቅ ፕሮግራም ሠርተው ነበር። ማሽን መሆኑን ጠንቅቃ የምታውቀው የራሳቸው ጸሐፊ ጥቂት ከተጻጻፈችው በኋላ ክፍሉን ለቅቀውላት እንዲወጡ ጠየቀቻቸው። ሊቁ በዚህ እጅግ ደነገጡ። እኔ ግን በዚያች ጸሐፊ አልስቅም። ቀኑን ሙሉ የሌላውን ሰው ቃል ስትጽፍ የምትውል ሰው የራሷን ቃል የሚቀበላት ስታገኝ ምን እንደሚሰማት ዐውቃለሁ። ይሁን እንጂ ማሽን የሙያ ፈቃድ የለውም፥ በምስጢር ጠባቂነትም አልማለም፤ ስለዚህ የባለሙያን ቦታ አልሰጠውም።

ቪዲዮ የማይበቃበትም ጊዜ አለ። ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ፥ ወይም የሌለ ድምፅ የሚሰማ፥ ወይም መጠጥ የተቈራኘው ሰው ስክሪን ፊት ሳይሆን ሆስፒታል መድረስ አለበት። የሥነ ልቡና አማካሪም መድኃኒት አያዝም፤ የሚያዘው ሐኪሙ ነው። በትዳር ውስጥ ዱላ ካለም ባልና ሚስትን በአንድ ስክሪን ፊት ማስቀመጥ ለተመታችው አደጋ ነው፤ በዚያ ቤት አስቀድሞ መፈለግ ያለበት የሴትዮዋ ደኅንነት ነው።

ለንግድ ምክር ቤታችን የማቀርበው ልመና ትንሽ ነው። አብዛኛው ባለሱቅ ቢሮ የለውም፤ ቤቱም በልጅና በእንግዳ የተሞላ ነው። ምክር ቤቱ ለአባላቱ የስብሰባ አዳራሽ እንደሚያከራይ ሁሉ፥ ጥሩ የኢንተርኔት መስመር ያለበት፥ ድምፅ የማያወጣ አንድ ትንሽ ክፍል በሰዓት ቢያከራይ፥ ለምን እንደ ተፈለገም ተከራዩን ባይጠይቅ መልካም ነው። ክፍሉን አንዱ ከጓንጁ ጋር ለመዋዋል፥ ሌላው ሆዱን ለመክፈት ይገባበታል፤ በሩ ላይ ቆሞ የሚለያቸው አይኖርም። ፈቃዳቸው የተረጋገጠ ባለሙያዎች ስም ዝርዝርም ከትራንዚተሮችና ከኦዲተሮች ዝርዝር አጠገብ ቢቀመጥ ወጪ የለውም።

የአሠሪዬ ባለቤት አልተመለሱም፤ ይመለሱ አይመለሱ እኔ አላውቅም፥ አልጠይቅምም። የድሬዳዋው ደንበኛ ግን አሠሪዬ ራሳቸው ሄደው ይቅርታ ጠይቀውት ባለፈው ወር 40 ካርቶን ቁልፍ አዘዘ። መጋዘን ጠባቂውም እስከ ዛሬ ከእኛ ጋር ነው። ሐሙስ ከ10 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት የቢሮው በር ይዘጋል፤ በዚያን ሰዓት የሚደውሉ ደንበኞች ስልኩን እኔ እንደማነሣ ለምደውታል።